ዳግማዊ ምኒልክ፣ ባቡሩ፣ ባንኩ እና የብድር ዕዳ

ድሬዳዋን የቆረቆራት የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ እንዲዘረጋ የፈቀዱት ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በሀገሪቱ የመጀመሪያውን ባንክም ያስገቡ ንጉሥ ናቸው። በሁለቱም ሥራዎች ወጪ ገቢን ሲቀድም የሚያስከትለውን ጣጣ በዘመናቸው አይተዋል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲያርፉ ገና ልጅ ነበሩና አጼ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። አሥር ዓመት ያህል ቆይተው በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የአባታቸውን መንበር ያዙ። በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ጫኑ።

በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ግን መንገዱ በቆላው በኩል ሆነ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ በስፍራው አዲስ ከተማ ተመሠረተ። ይህችም ድሬዳዋ ናት።

ከተማዪቱ ስትደራ ኩባንያው ግን ገንዘብ አልቆበት ነበር። 310 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ዘርግቶ ዕዳውን መክፈል አቃተው። የፈረንሳይ መንግሥት ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊደግፈው ተዋዋለ፤ በዚያው የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ውሉ ሳያውቁት በመደረጉ ምኒልክ እጅግ ተቆጡ፤ ሥራውም ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ኩባንያው ከስሮ በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጠ።

የባንኩ ውል የተፈረመው መጋቢት 1 ቀን 1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ500,000 ፓውንድ ካፒታልና በ50 ዓመት ፈቃድ የካቲት 9 ቀን 1898 ዓ.ም. ተመረቀ። የመንግሥትን ገንዘብ የመያዝና የወረቀት ገንዘብ የማውጣት መብት ለእርሱ ብቻ ተሰጠ። በጊዜ ሂደትም በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጎሬና በደሴ ቅርንጫፎች ከፈተ።

ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ ቢሆንም አላተረፈም። ሕዝቡ ለባንክ እንግዳ ነበር። የማቋቋሚያው ወጪና የሠራተኞቹ ረጅም ጉዞም ገቢውን በላው። የዘመኑ መገበያያ ማርትሬዛ ብር አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ሺህ ብር ማጓጓዝ 28 ኪሎ መሸከም ነው። የባንኩ ሥራ የመንግሥትን ሒሳብ ከመያዝና የወጪ ንግድን ከማገዝ ብዙም አላለፈም።

በ1901 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ዘመነ መንግሥት ለእርሻና ለንግድ ልማት የሚያበድር ሌላ ድርጅት ተቋቋመ። እቴጌ ጣይቱ በዚህ ጥረት ስማቸው በቀዳሚነት ይነሣል።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ የአቢሲኒያ ባንክ ትርፍ አላስመዘገበም ነበር። ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባንኩ ቅልጥፍና የለውም፣ ለትርፍ ብቻ ይሠራል የሚል ወቀሳ በዝቶበት በ1923 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የኢትዮጵያ ባንክም ተተካ።

ከንጉሡ ሥራዎች ባቡሩም ባንኩም ጠቅመዋል። ከታሪካቸው ለገበሬውም ለነጋዴውም የሚተርፈው ምክር ግልጽ ነው፤ ብድር ከመውሰድ በፊት ገቢው መቼና ከየት እንደሚመጣ ማስላት ይገባል፤ ዕዳው ሲከብድ በንብረቱ ላይ የሚያዘው አበዳሪው ነውና።