የነጋዴው የሔንሪ ሻው ታሪክ

ገንዘብ ማግኘት አንድ ዕውቀት ነው፤ ያገኙትን ገንዘብ በቃኝ ብሎ ለሕዝብ ጥቅም ማዋል ግን ሌላ ዕውቀት ነው። ሁለቱን አስተባብሮ የያዘ ሰው በየአገሩ ጥቂት ነው። ከነዚህም ጥቂቶች አንዱ፤ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፤ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሴንት ሉዊስ ከተማ የኖረው የብረታ ብረት ነጋዴ ሔንሪ ሻው ነው። በሕይወቱ የሚመሰገንም የሚወቀስም ነገር ስላለበት፤ ሁለቱንም ሳንሰውር እንተርካለን። ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሔንሪ ሻው በ1800 ዓ. ም. በብረት ሥራ በታወቀችው በእንግሊዝ ከተማ በሼፊልድ ተወለደ። አባቱ የምድጃ ብረታ ብረት እያሠራ የሚሸጥ ሰው ነበር። ልጁ በ1818 ዓ. ም. ከአባቱ ጋር ባሕር ተሻግሮ ወደ ካናዳ መጣ። በማግሥቱም ዓመት መንገድ ላይ የቀረ የንግድ ዕቃ ለመፈለግ ወደ ኒው ኦርሊንስ ተላከ፤ ከዚያም በእንፋሎት መርከብ ወንዙን ሽቅብ ተጕዞ ሴንት ሉዊስ ገባ።

ያን ጊዜ ከተማዪቱ አምስት ሺህ ሰው የማይሞላባት የጠረፍ ገበያ ነበረች። ወጣቱም አንዲት ክፍል ተከራይቶ በዚያችው እየሸጠ፤ በዚያችው እያበሰለ፤ በዚያችው እያደረ ሥራውን ጀመረ። ቢላዋና ልዩ ልዩ የብረት መሣሪያ ከአገሩ እያስመጣ ለገበሬውና ለወታደሩ ይሸጥ ነበር። እንዲህ ሲደክም ኖሮ በ1839 ዓ. ም. ብቻ 25,000 ዶላር አተረፈ። ይህም ትርፍ ለአንድ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ነው ብሎ ስላሰበ፤ ገና በአርባ ዓመቱ ንግዱን ተወ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በአውሮፓ ሲዘዋወር ኖሮ፤ በ1851 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር የዴቮንሽርን መስፍን የቻትስወርዝን አትክልት ባየ ጊዜ፤ እንዲህ ያለውን ለከተማው ሊሠራ ቈረጠ። በወጣትነቱ ፈረስ ተቀምጦ ባየውና ኋላም በገዛው ባዶ የሣር ሜዳ ላይ አትክልቱን አስተክሎ፤ በ1859 ዓ. ም. ለሕዝብ ከፈተው። የእጽዋት ሊቁ ጆርጅ ኤንግልማንም ስለ መከረው፤ ቦታው ለዓይን ደስታ ብቻ እንዳይሆን መጻሕፍት ቤትና የደረቁ እጽዋት ማኖሪያ ጨመረበት። ደግሞም በ1868 ዓ. ም. ሰፊ የመናፈሻ ቦታ ለከተማው ሰጠ፤ በ1885 ዓ. ም. በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የእጽዋት ትምህርት ቤት አቋቋመ።

ነገር ግን ምስጋናን ጽፎ ጥፋትን የሚሰውር ሰው ታሪክን ያበላሻል። ሔንሪ ሻው ከ1828 ዓ. ም. ጀምሮ ባሮች ይገዛ ነበር። በ1855 ዓ. ም. አስቴር የምትባል ባሪያው ሁለት ልጆችዋን ይዛ ከሌሎች ጋር በሌሊት ሚሲሲፒን ተሻገረች። ያሻገረቻቸውም ሜሪ ሚቸም የምትባል ነጻ የወጣች ጥቁር ሴት ነበረች። አስቴር ግን በማዶ ተይዛ ተመለሰች፤ ጌታዋም ከልጆችዋ ለይቶ ወደ ደቡብ አገር አሸጣት። ለአበባ እንዲህ የራራ ልብ ለእናት አልራራም። ይህም የሆነው አትክልቱ ሊከፈት አራት ዓመት ሲቀረው ነው።

ሻው ሚስት ሳያገባ ኖሮ በ1889 ዓ. ም. አረፈ፤ በአትክልቱም ውስጥ ራሱ ባሠራው መቃብር ተቀበረ። በኑዛዜውም አትክልቱ በአደራ ጠባቂዎች እጅ ለዘላለም ለሕዝብ እንዲኖር አዘዘ። ደግሞም በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን የእግዚአብሔር ቸርነት በአበባ እንዴት እንደሚገለጥ እንዲሰበክ ገንዘብ መደበ። ዛሬ ያ ቦታ በዓለም ከታወቁት የእጽዋት ምርምር ቤቶች አንዱ ሆኗል።

እኛም ከመቱ ወደ በደሌ ስንሄድ በሁሩሙ በኩል እናልፋለን። ሻው በሣር ሜዳ ላይ በብዙ ወጪ ያስተከለውን፤ ለዚህ አገር ፈጣሪ ያለ ወጪ ሰጥቶታል፤ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ወፍ ዘራሽ ሆኖ ይበቅላልና። የያዩ የቡና ደንም በ2010 ዓ. ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲገባ፤ ከሁሩሙ ወረዳም መሬት አብሮ ተከልሏል። እንግዲህ በዚህ ቡና የሚከብር ነጋዴ ከሻው ሁለት ነገር ይማር፤ በቃኝ ማለትንና ለደኑ፤ ለትምህርት ቤቱ፤ ለከተማው መስጠትን። ሦስተኛውን ግን ከአስቴር ይማር። ቡናውን የሚለቅመውና የሚሸከመው ሰው ዋጋውን ሳያገኝ የሚሰጥ ስጦታ፤ ስሙ ቢያምርም ዕዳ አለበት።