ዘርዓ ያዕቆብ እና የዋሻው ጥያቄ

ዘርዓ ያዕቆብ በ1599 እ.ኤ.አ. አክሱም አጠገብ ከድሃ ገበሬ ተወለደ፤ ሐተታው እንደሚለው። በዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ ዘመን ንጉሡ ዘንድ ተከሶ ሸሸ፤ ዳዊቱን ይዞ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ፈጣሪ አለ ወይ ብሎ የጠየቀው እዚያ ነው። ከወላጅ ወደ ወላጅ እያለ ወደ ኋላ ሄደ፤ ያልተፈጠረ መነሻ ግድ ነው አለ። እኛ የምናስብ ከሆንን ፈጣሪያችንም ያስባል ሲል ጨመረ። የፊተኛውን እቀበላለሁ። የኋለኛው ግን ለእኔ ለመሐንዲሱ አይዋጥልኝም፤ ውሃ እሳት ያጠፋል፣ የተሠራበት ሃይድሮጅን ግን ይነዳል።

በኋላ እንፍራዝ ልጆች እያስተማረ፣ ሒሩትን አግብቶ አረጀ። ሐተታውን በ1667 የጻፈው ተማሪው ወልደ ሕይወት ለምኖት ነው። በ1920 ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ሚሲዮናዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እዚህ ኩን ራፒድስ ቡና ላይ ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ጭቅጭቁ በዚሁ ያልቃል፤ ወደ ዋሻው ጥያቄ የሚመለስ የለም።