የብረት ቀጥቃጩ ልጅ፦ ሶይቺሮ ሆንዳ

በመንዝና በግሼ ደጋ፣ እንደ ራቤል ባሉ ገበያዎች ማረሻና ማጭድ የሚገዛ ገበሬ ሁሉ ያለ ብረት ቀጥቃጩ እርሻው እንደማይቆም ያውቃል። ዳሩ ግን በአገራችን ቀጥቃጩ ለብዙ ዘመን ቡዳ እየተባለ ሲፈራና ሲናቅ፣ በጋብቻም ሲገለል ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ከዚያ ዐዋጅ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 8 ቀን 1899 ዓ.ም.፣ በጃፓን ሀማማትሱ አጠገብ ባለች መንደር ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ ቤት ሶይቺሮ ሆንዳ ተወለዱ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አባታቸው ጊሄይ ከቅጥቀጣው ሌላ ቢስክሌት ይጠግኑ ነበር። ሶይቺሮ በ1922 በአሥራ አምስት ዓመታቸው ቶኪዮ ሄደው አርት ሾካይ በተባለ ጋራዥ ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው የጌታቸውን ሕፃን ማዘል ሆነ። በ1924 ግን ጋራዡ የአውሮፕላን ሞተር ገጥሞ በሠራት የውድድር መኪና ላይ ከነጂው አጠገብ መካኒክ ሆነው ተቀምጠው አሸነፉ። የፍጥነት ፍቅር ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቃቸውም፤ በ1936 በውድድር ሜዳ ተገልብጠው ክፉኛ እስኪቆስሉ ድረስ ራሳቸው ይነዱ ነበር።

ቀጥሎ የፒስተን ቀለበት ለመሥራት ተነሡ። ቀለበቱ አልሳካ ሲላቸው ጉድለቱ የብረታ ብረት ዕውቀት ማነስ መሆኑን ተረድተው፣ በሠላሳ ዓመታቸው ከወጣቶች ጋር በሀማማትሱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቀመጡ። የሚፈልጉትን ተማሩ፤ ፈተናውን ግን አልፈተንም በማለታቸው ያለ ዲፕሎማ ወጡ። እኛ ዲፕሎማ የያዝን መሐንዲሶች ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ከሠራዊቱ የተረፉ ትናንሽ የጄኔሬተር ሞተሮችን በቢስክሌት ላይ መግጠም ጀመሩ። በ1948 ኩባንያቸው ተመሠረተ፤ በማግስቱ ዓመት የገንዘቡንና የሽያጩን ነገር የያዙት ታኬኦ ፉጂሳዋ መጡ። በ1961 የሆንዳ ሞተር ቢስክሌቶች በአይል ኦፍ ማን ውድድር በሁለት ክፍል አንደኛ ወጡ።

በእነዚሁ ዓመታት የጃፓን ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር አዳዲስ ኩባንያዎች መኪና ወደ መሥራት እንዳይገቡ የሚገድብ ሕግ ለማውጣት አሰበ። ሆንዳ በሩ ሳይዘጋ ለመግባት ተጣደፉ። በ1963 አንዲት ትንሽ የጭነት መኪናና ኤስ 500 የምትባል ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ለገበያ አወጡ። የኤስ 500 ሞተር 531 ሲሲ ብቻ ሲሆን አራት ሲሊንደርና አራት ካርቡሬተር ነበረው። በደቂቃ 8,000 ጊዜ እየዞረ 44 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚደርሰው ልክ እንደ ሞተር ቢስክሌት በሰንሰለት ነው። ኤስ 600 በ1964፣ ኤስ 800 በ1966 ተከተሉ። የሕጉ ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀረ። እነዚህ መኪኖች ዛሬም በየአገሩ በሰብሳቢዎች የሚፈለጉት፣ በእኔ አስተያየት፣ በፍጥነታቸው ብቻ አይደለም። ሞተሩን ከፍቶ የሚያይ ሰው የሠሪውን ድፍረት ያለ ማብራሪያ ያነበዋል።

ያ ድፍረት ግን ዋጋም አስከፍሏል። በ1965 የሆንዳ መኪና በሜክሲኮ የፎርሙላ አንድ ውድድር በሪቺ ጊንተር እጅ አሸነፈች። ሆንዳ ከዚያ በኋላ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከውሃው ይበልጣል ብለው ችክ አሉ። በዚህ ሐሳብ የተሠራችውን መኪና ጆን ሰርቲስ ሞክሮ አልነዳትም አለ። ሐምሌ 7 ቀን 1968 በፈረንሣይ ሩዋን ላይ የነዳት ጆ ሽሌሰር ተጋጭታ ስትቃጠል ሞተ። ያም ሆኖ ሆንዳ በ1969 በነፋስ የሚቀዘቅዝ የቤት መኪና አወጡ። የጭስን ብክለት ለመቀነስ ውሃ እንደሚያስፈልግ ወጣት መሐንዲሶቻቸው ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ፉጂሳዋ ጣልቃ ገብተው አሳመኗቸው። በ1972 የወጣችው ሲቪክ በውሃ የምትቀዘቅዝ ነበረች።

በ1973 ሁለቱም ባልንጀሮች አብረው ጡረታ ወጡ። ሆንዳ ከዚያ በኋላ በጃፓን ያሉ ፋብሪካዎቻቸውንና ሱቆቻቸውን እየዞሩ ሠራተኛውን ሁሉ በእጅ ጨበጡ። አንድ ሠራተኛ በግራሶ የተነከረ እጁን ሊሸሽግ ሲል ይዘው አስቀሩት። የራሳቸውም ግራ እጅ ከመዶሻና ከመሣሪያ በቀረ ጠባሳ የተሞላ ነበር። ነሐሴ 5 ቀን 1991 በሰማንያ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።