ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ

የኮንፉሺየስን ትምህርት የተከተሉ የጥንት ቻይና ሊቃውንት፣ ዓለም ሁሉ እንደ አንድ ቤተ ሰብ የሚኖርበትን ዘመን ታላቁ ስምምነት ብለው ይጠሩት ነበር። ወደዚያ የሚያደርሰውንም መንገድ በየደረጃው አስተማሩ፤ ሰው አስቀድሞ ራሱን፣ ቀጥሎ ቤቱን፣ ከዚያም አገሩን ያቅናል፤ የዓለም ሰላም የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሕይወት በዚህ ሚዛን ብንመዝነው ብዙ ቁም ነገር እናገኝበታለን።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1884 ዓ.ም በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ በ1916 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያን በዓለም መንግሥታት ማኅበር አስገቡ። አንዱ ሲጠቃ ሁሉም እንዲደርስለት የማኅበሩ ሕግ ያዝዝ ነበርና ተስፋቸው ትልቅ ነበር። ነገር ግን ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ቃሉ ሳይጠበቅ ቀረ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም በጄኔቭ ቆመው አቤት አሉ፤ ማኅበሩ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ።

አራት ዓመት በእንግሊዝ አገር በስደት ከቆዩ በኋላ፣ በ1932 ዓ.ም ክረምት፣ ዓባይና ነጭ ዓባይ ወደሚገናኙባት ወደ ካርቱም መጡ። በዚያም ከስድስት ወር በላይ ተቀምጠው፣ ስደተኞችን እየሰበሰቡ፣ በአገር ውስጥ ለሚዋጉት አርበኞች መልእክት እየላኩ ቀኑን ጠበቁ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ በገቡ ጊዜም ሕዝቡ ኢጣልያኖችን እንዳይበቀል አዘዙ።

የዓለምን ማኅበር ተስፋ ከዚያም ወዲያ አልተዉትም። ኢትዮጵያ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መሥራቾች አንዷ ሆነች፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በ1964 ዓ.ም መጀመሪያ ፔኪንግን ጎበኙ። በዚያው ዓመት በየካቲት፣ ከ1947 ዓ.ም ጀምሮ ሲዋጉ የኖሩት የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ሱዳን ተዋጊዎች በአዲስ አበባ ሲደራደሩ፣ ነገሩ በከረረ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ መካከል ገብተው አግባቡ። ውሉ ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ጸና። ካርቱም ለስደተኛው ንጉሥ የሰጠችው መጠጊያ ብድሩ በዚህ ተመለሰ።

ሆኖም የሊቃውንቱ ሚዛን ሌላም ይጠይቃል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተበት በ1955 ዓ.ም፣ ከኤርትራ ጋር የነበረው ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ በኤርትራ የነበረውም ጦርነት ሠላሳ ዓመት ዘለቀ። በ1965 ዓ.ም የወሎ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ መንግሥታቸው ነገሩን ሸሸገ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን በእስር እንዳሉ አረፉ። የጎረቤትን እሳት ያበረደው እጅ ለራሱ ቤት ሳይደርስ ቀረ።

እኛም መምህራን ስለ ዓለም አንድነት ስናስተምር፣ ከጄኔቭና ከካርቱም ጋር ወሎንም ማንሣት ይገባናል። ስምምነትንም ደቀ መዛሙርታችን አስቀድመው በየክፍላቸው፣ አብሯቸው ከሚቀመጠው ጓደኛቸው ጋር ይልመዱት።