ያን ቾክራልስኪ፤ የክሪስታል አሳዳጊ

ቀጥቃጭ የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ሲነክር ብረቱ ይጠነክራል፤ ቀስ አድርጎ ሲያበርደው ይለዝባል። በሰባታሚት ይህን የማያውቅ የለም። እሳትና ቅዝቃዜ የማዕድንን ጠባይ እንዴት እንደሚለውጡ በመመርመር ዕድሜውን ካሳለፉት ሊቃውንት አንዱ ያን ቾክራልስኪ ነው።

ቾክራልስኪ እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. ክትሲኒያ በምትባል የፖላንድ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ በዚያን ዘመን በጀርመን ግዛት ሥር ነበረች። በወጣትነቱ ወደ በርሊን ሄዶ በአንድ ኩባንያ ብረታ ብረት ይመረምር ነበር። በ1916 እንደሚተረከው፣ ብዕሩን ወደ ቀለም ብልቃጥ የነከረ መስሎት የቀለጠ ቆርቆሮ ውስጥ ነከረው። ሲያወጣው ቀጭን ክር ተከትሎ ወጣ። ሌላው ሰው ጠርጎ በጣለው ነበር፤ እርሱ ግን መርምሮ ክሩ አንድ ወጥ ክሪስታል መሆኑን ተረዳ።

በ1929 በዋርሶ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ለጀርመኖች ረድቷል ተብሎ ተከሰሰ። በ1945 ፍርድ ቤት ነፃ ቢያወጣውም ዩኒቨርሲቲው አልመለሰውም። ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በአነስተኛ የኬሚካል ሥራ ሲተዳደር ቆይቶ በ1953 ዐረፈ።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ጎርደን ቲልና ጆን ሊትል በእርሱ ዘዴ የጀርማኒየም ክሪስታል ለትራንዚስተር አሳደጉ። ዛሬ ሲሊኮንም እንዲሁ ይሠራል። በ1414 ዲግሪ በቀለጠው ሲሊኮን ላይ ትንሽ የክሪስታል ዘር ይነካና እየተሽከረከረ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ሙቀቱ ካልተስተካከለ የአቶሞቹ ረድፍ ይንሸራተታል፤ ይህም እንከን የኤሌክትሪኩን መንገድ ያበላሻል። ከማቅለጫው ዕቃ የሚገባው ኦክስጅንም በ450 ዲግሪ ገደማ ተሰብስቦ የሲሊኮኑን ጠባይ ይለውጣል፤ እንደገና እስከ 650 ዲግሪ ገደማ ቢሞቅ ግን ይበተናል። እንግዲህ ያው ሙቀት እንደ ልኩ ያበላሻል፤ ያድናልም።

ዩኒቨርሲቲው የቾክራልስኪን ክብር የመለሰው በ2011 ነው። እርሱ ይህን አላየም። በየእጃችን ያለው ስልክ ግን ከእርሱ ዘዴ ውጭ አልተሠራም። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ከሥራችን ላይ ያልጠበቅነው ነገር ብቅ ሲል፣ ከመጣላችን በፊት ምን እንደሆነ እንመርምር።