ወይዘሪት ናይቲንጌልና የመሥሪያ ቤት ደንብ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል መብራት ይዛ በቁስለኞች መካከል ስትመላለስ በሥዕል ያላየ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። እኛ ዛሬ ልናወሳ የፈለግነው ግን መብራቷን ሳይሆን ከደንብና ከወረቀት ጋር ያደረገችውን ትግል ነው።

ወይዘሪት ናይቲንጌል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ወላጆች በኢጣልያ አገር ተወለደች፤ ስሟም የተወለደችባት ከተማ ስም ነው። በዚያ ዘመን አስታማሚነት ለጨዋ ልጅ እንደ ውርደት ይቆጠር ስለ ነበር ቤተሰቦቿ አጥብቀው ተቃወሟት። እርሷ ግን በ1851 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ሄዳ ሙያውን ተማረች።

በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በኖቬምበር 1854 ዓ.ም.፣ 38 አስታማሚዎች አስከትላ እስኩታሪ ከነበረው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ደረሰች። ሐኪም ካልፈቀደ በቀር በሽተኛ መርዳት አይቻልም ነበርና ሴቶቹ በመጀመሪያ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ልብስ በግምጃ ቤት ተቆልፎ ሳለ፣ ቦርድ ሳይመረምረው አይወጣም እየተባለ ቁስለኛው በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሷም ሕዝብ ባዋጣው ገንዘብ ከገበያ እየገዛች አደለች። ሆኖም ሆስፒታሉ የቆመው በቆሻሻ ጉድጓድ ላይ ስለ ነበር ሞት አልቆመም። ሞት በብዙ የቀነሰው በማርች 1855 ዓ.ም. ከለንደን የመጣው የጤና ኮሚሲዮን ቆሻሻውን ካስጠረገ በኋላ ነው። ከዚህም የአስታማሚ ትጋት ብቻውን ክፉ አሠራርን እንደማያሸንፍ እንረዳለን።

ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ፣ ከቁስል ይልቅ ሊከለከል በሚችል በሽታ የሞተው ወታደር እንደሚበዛ በቁጥርና በሥዕል ለመንግሥት አስረዳች። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ ለስሟ መታሰቢያ በተዋጣው ገንዘብ በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ይሁን እንጂ ታላቅ ሰውም ይሳሳታል። በ1887 ዓ.ም. የተቋቋመው የነርሶች ማኅበር፣ የሠለጠኑ ነርሶች ሁሉ በአንድ መዝገብ እንዲጻፉ በጠየቀ ጊዜ፣ ጠባይና ትጋት በፈተና አይለካም ብላ ተቃወመች። ሕጉ የወጣው እርሷ በ1910 ዓ.ም. በ90 ዓመቷ ካረፈች በኋላ፣ በ1919 ዓ.ም. ነው። በእኛ አስተያየት እውነቱ ከማኅበሩ ጋር ነበር፤ መዝገብ ከሌለ የተማረችው ነርስ ካልተማረችው አትለይም፤ በሽተኛውም በማን እጅ እንዳለ አያውቅም።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከመካከላችን ብዙዎች ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው ደንብ ያረቅቃሉ። ስለ ነርስ ሥራ የሚጻፍ ደንብ ሳይፈረም በፊት፣ ሌሊቱን ከአልጋው አጠገብ ቆማ የምታድረው ነርስ ትጠየቅ እንላለን።