ራስ መኰንንና የጅቡቲ ጎዳና

ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዒላማ ሜዳ ይዞ የሚሄድ አባት ሁለት ነገር ሊያስተምረው ይገባል። አንደኛው እንዴት እንደሚተኮስ ሲሆን ሁለተኛውና ከባዱ መቼ እንደማይተኮስ ነው። ይህን ሁለተኛውን ትምህርት በሥራቸው ካስመሰከሩ የጦር መሪዎች አንዱ ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ናቸው።

ራስ መኰንን በ1844 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ዕድሜያቸው 14 ዓመት ሲሆን አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ወስደው ለንጉሥ ምኒልክ ሰጧቸው። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ፈረስ ግልቢያን፣ ጉግስንና ዒላማ ተኩስን የሚማረው በታላላቆች እጅ ሥር ሆኖ ነበር። ጥይት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበርና ያለ ዓላማ መተኮስ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር።

በ1879 ዓ.ም. ሐረር በምኒልክ እጅ ስትገባ መኰንን አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ። በተከታዩ ዓመት ፈረንሳዮች ጅቡቲን መቆርቆር ጀመሩ። ከዚያ ዳርቻ በግመል ተጭኖ የሚመጣው የጦር መሣሪያ የሚያልፈው በሐረር በኩል ስለ ነበረ፣ የጎዳናው ጠባቂ መኰንን ሆኑ። ፈረንሳዮች ፉዚል ግራ የሚሉት ጠመንጃ በወታደሩ አፍ ውጅግራ ተባለ። ውጅግራ አንድ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ሌላ በእጅ የሚጎርስ በመሆኑ ከተኳሹ ትዕግሥትን ይጠይቅ ነበር።

በ1888 ዓ.ም. ራስ መኰንን የግንባር ቀደሙን ጦር መርተው ወደ ሰሜን ዘመቱ። አምባላጌ ላይ ከኢጣልያው አዛዥ ከሻለቃ ቶዜሊ ጋር ደብዳቤ ሲለዋወጡ ቆይተው ሳለ፣ ፊታውራሪ ገበየሁ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ኅዳር 28 ቀን ጦርነቱን ከፈቱ። ድል ቢገኝም ትእዛዝ በመጣሳቸው ታሰሩ። በኋላ ተፈትተው ዓድዋ ላይ ሲዋጉ ወደቁ።

በመቀሌ ምሽግ የነበረው የጠላት ጦር ውሃው ተይዞበት በጥም ተጨነቀ። በድርድር መሣሪያውን እንደያዘ እንዲወጣ ሲፈቀድለት፣ በሰላም እንዲሸኙት የታዘዙት ራስ መኰንን ነበሩ። ይህ ምሕረት ያለ ዋጋ የተደረገ አልነበረም። የምሽጉ አዛዥ ጋሊያኖ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓድዋ ላይ እንደገና ተሰልፎ ተዋግቶ ሞተ። ሆኖም በጉዞው ላይ ቃል ታጥፎ አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ታጣቂውን በመንገድ ላይ ከቂሙ ጠብቆ ማሳለፍ ምሽግ ከመስበር የማያንስ አዛዥነትን ይጠይቃል።

ከድሉ በኋላ በ1889 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ስምምነት ጅቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ መውጫ ሆነች። ከዚያች ከተማ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሥፍራ ደረሰ። ራስ መኰንን ግን ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ለማየት አልታደሉም። በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ቁልቢ ላይ ታመው ዐረፉ።

ዛሬም ጅቡቲ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ዋና በር ናት። በዚያ በር ስለ ገባው ጠመንጃ ብዙ ተነግሯል። ልጁን ዒላማ ሊያስተምር የሚወጣ አባት ግን የመቀሌውን ጉዞ አስቀድሞ ቢያጫውተው መልካም ነው፤ ጠመንጃውን ከዚያ በኋላ ያቀብለው።